ለቮልሴ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሴት ልጅ ያለው ሰው አንድ ቀን ሽማግሌዎች ደጁን እንደሚያንኳኩ ያውቃል። እኔም ሁለት ሴት ልጆች ስላሉኝ ሁለት ጊዜ ተንኳኩቶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ እንደ ደንቡ ፊቴን አጠቆርኩ፣ ቀጠሮ አበዛሁ፣ በመጨረሻ መርቄ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ይህ ጉዳይ ከቤቴ ወጥቷል ብዬ በሬን በሰላም ዘግቼ እኖር ነበር። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው አሰላ ካለው ግቢዬ ሲገቡ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባለቤቴን ረውዳን ዞር ብሎ ማየት ነበር። ምናልባት እኔ የማላውቃት ሦስተኛ ልጅ ትኖር እንደሆነ ብዬ።

እሷም ዞር ብላ አየችኝ። የእሷ አስተያየት ከእኔ የባሰ ጥርጣሬ ነበረበት።

ከፊት የቆሙት ሐጂ ቃሲም ናቸው፤ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ከብት ሰው እርሻ ሲገባ የሚጠሩ ታላቅ ሰው። ከጎናቸው መምህር ለማ አሉ፤ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዲያቆን የሆኑ። ሦስተኛው የሳጉሬው እህል ነጋዴ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ እሳቸው ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም እህል እንደሚሰፍር ሰው ቆጥበው ነው።

ግቡና ተቀመጡ አልኳቸው። የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ። ይህ ደንብ ነው፤ ሽማግሌ የለመነው እስኪሰጠው ቆሞ ይለምናል። ጉልበቱን እያመመው የቆመን አዛውንት እምቢ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ደንቡን ያወጣው ሰው ብልህ ነበር፤ ምናልባትም የራሱ ጉልበት የማያመው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "በክብር ያሳደግሃት፣ ከግቢ ከወጣች ግን ሁለት ዓመት ያለፋት አንዲት አለችህ" አሉና በከዘራቸው ከግራሩ ሥር የቆመችውን አሮጌ መኪናዬን፣ ቮልሴን አመለከቱ። "እሷን ፈልገን ነው።"

ፈላጊው ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚያወጣው መንገድ ላይ አዲስ ሆቴል የከፈተ ሰው ነው። አሳቡም ይህ ነው፤ ቮልሴ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ትቆማለች፤ የፊት ክዳኗ ይነሳል፤ ውስጧ አፈር ይሞላል፤ በአፈሩ ላይ ጽጌረዳ ይተከላል፤ ሙሽሮች አጠገቧ ፎቶ ይነሳሉ። መምህር ለማ ይህን ሲያስረዱኝ በየመሃሉ "ለክብሯ ነው" ይሉ ነበር። ይህን አሳብ ለባለሆቴሉ ያቀበለው የበኩር ልጄ ከድር መሆኑን በማግስቱ ደረስኩበት። ልጅ ለሚስቱ ሽማግሌ ይልካል። በአባቱ መኪና ላይ ሽማግሌ ያስላከ ግን በአርሲ ምድር እሱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የቆርቆሮ ጉዳይ እንዳይመስልህ። እኔ ከሥራ ከተገለልሁ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ አራት ዓመት ልጆቼ ብርድ ልብስ ገዝተውልኛል፣ ወንበሬን ፀሐይ ወዳለበት አዙረውልኛል፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ መክረውኛል። ሁሉም "ለክብርህ ነው" እየተባለ ነው የሚደረገው። ዛሬ ቮልሴን በር ላይ አቁመው አበባ የተከሉባት፣ ነገ እኔን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ምን እንደሚተክሉብኝ አላህ ነው የሚያውቀው። መሄድ የሚችል ነገር መሄድ አለበት። መሄድ ያቃተው ደግሞ እስኪሄድ ይጠገናል እንጂ አበባ አይተከልበትም።

ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው። "ሽማግሌ አላሳፍርም። የዛሬ ሳምንት ተመልሳችሁ ኑ። በዚያ ቀን በራሷ ሞተር ከዚህ በር ወጥታ ካልሄደች ውሰዷት፤ ጽጌረዳም ትከሉባት፣ ሽንኩርትም ትከሉባት።"

ሐጂ "ቶሌ፣ እሺ" አሉ። መምህር ለማ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ቃሌን ከነሽንኩርቱ ጻፉት። ከዚያ ሦስቱም እፎይ ብለው ተቀመጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ረውዳ ምን አስገደደህ አለችኝ። "እምቢ" ብል ይበቃ ነበር፤ ማንም ሰው በሌላ ሰው መኪና ላይ ቀን አይቆርጥም፤ ቀን የቆረጥኩት እኔው እንደሆንኩ ነገረችኝ። ትክክል ነበረች። ትክክል በመሆኗ ግን አሳቤን አልቀየርኩም። ይህ ጠባዬ ጥሩ አይደለም፤ ልጆቼ እንዳይወርሱት ስመክራቸው ኖሬያለሁ፤ ሁሉም ወርሰውታል።

አሁን ስለ ሞተሩ ልንገራችሁ። ቮልሴ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች። የቀድሞው ሞተሯ ከሁለት ዓመት በፊት ከኢተያ ወደ አሰላ በሚያወጣው ዳገት ላይ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ውስጡን ከፍቼ ሳየው ለመጠገን ሳይሆን ለመቅበር የሚሆን ነበር። ስፈልግ ስፈልግ ሌላ ሞተር የተገኘው ሳጉሬ፣ እኚሁ ኦቦ ቱፋ ግቢ ውስጥ ነው። ከእህል መጋዘናቸው ጀርባ ገለባ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንዲት ዶሮ ተቀምጣ ነበር። ሞተሩን ለመውሰድ ስጠጋ ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ዶሮዋ ታቅፋለች። ተስማማን። ሃያ አንድ ቀን ጠብቄ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው፣ እኔም ተራዬ ደርሶኝ ሞተሩን ወሰድሁ። ኦቦ ቱፋ እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር "ዶሮዋ ትጠይቅሃለች" ይሉኛል።

ከሞተሩ የሚፋቀውን ብረት አዳማ አንድ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስፋቅሁ። መገጣጠሙን ግን ለማንም አልሰጠሁም። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የተማርኩት በግብርና መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ፣ እንግሊዝኛውንም ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። "በደረቅና ነፋሻ ቦታ አስቀምጥ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ከእኔ አሳምሮ የሚል ሰው አሰላ ውስጥ የለም። ከከረጢት ወደ መዝገበ ቃላት፣ ከመዝገበ ቃላት ወደ መጽሐፍ አደግሁ። ልጆቼንም ያሳደግሁት "አልችልም አትበሉ፤ መጽሐፍ አለ" እያልኩ ነው። ለቮልሴም መጽሐፍ አላት፤ ዳር ዳሩ በዘይት የወዛ፣ ሥዕል የበዛበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ።

እንግዲህ የእኛን አገር ክረምት ታውቃላችሁ። ከጭላሎ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ካልተኛሁ ይላል። ብረት እንዳይዝግብኝ ብዬ ሞተሩን ሳሎን አስገባሁት። ረውዳ መጀመሪያ በዙሪያው እየጠረገች አለፈችው። በኋላ እንግዳ ሊመጣ ሲል ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ነው ብሎ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። አንድ የሩቅ ዘመዳችን ግማሽ ሰዓት ሙሉ እስኪከፈት ጠብቋል።

የቀጠሮው ሳምንት ሰኞ ሞተሩን መግጠም ጀመርን። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከሥር ተነስቶ በአራት ቡሎን ይታሰራል። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ አንድ ፈረንጅ ብቻውን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፈገግ እያለ ይገጥመዋል። በእኔ ግቢ ስድስት ሰዎች አነሱት፣ ሃያ ሰዎች መከሩ። አንዱ ወደ ግራ ይላል፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይላል፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሁለቱም ትክክል ናቸው አለ። ጎረቤታችን ያለ አንድ የኮምባይነር ሾፌር ደግሞ ውሃው የሚገባው በየት ነው እያለ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ ፈለገ። ይህ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውሃ አይፈልግም አልኩት። ውሃ የማይጠጣ ነገር ምን ዕድሜ አለው ብሎ፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ገፋን። ሊገባ ሁለት ጣት ሲቀረው እምቢ አለ። እኔ አንዱን ተቆጣሁ፣ አንዱ ሌላውን ተቆጣ። በመጨረሻ ረውዳ ከበረንዳው ሳትነሳ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ከኋላ ያለውን ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ጥርሱ ጥርሱን ያገኛል አለች። አደረግነው። ቅቤ ላይ እንደሚገባ ቢላ ገባ። ከየት አወቅሽ ብላት፣ ሁለት ዓመት ሳሎኗ ውስጥ ከሞተር ጋር ስትኖር መጽሐፉን ሳታገላብጥ ትቀራለች ብዬ አስቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ረውዳ ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ የሠራች ነርስ ናት። አንዳንዴ ሳስበው እኔ ቤቱን የመራሁት እሷ ስለፈቀደችልኝ ብቻ ነው።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ሐሙስ የእኔ ቀን ነበር።

ሞተሩ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉ አራት ካንዴላዎች አሉት። ለእነዚህ በየተራቸው እሳት የሚያከፋፍል ክብ ዕቃ አለ፤ በውስጡ እንደ ሰዓት ዘንግ የምትዞር ትንሽ እጅ አለችው። የእጅቱ አቅጣጫ ልክ ካልሆነ እሳቱ ያለተራው ይሄዳል፤ ሞተሩም አይነሳም። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ እጅቱ አምስት ሰዓት ላይ ትሁን።

እዚህ ላይ ያልተማረ ሰው ይሳሳት ነበር። አምስት ሰዓት ሲለው ዝም ብሎ አምስት ላይ ያደርጋት ነበር። እኔ ግን የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት እንደሚለይ አውቃለሁ። በመሥሪያ ቤታችን አንድ የውጭ ባለሙያ በሁለት ሰዓት እንገናኝ ብሎን፣ ሌሎቹ በማለዳ መጥተው ሲንቀጠቀጡ ውለው ሲሄዱ፣ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰውዬው እጄን ጨብጦኛል። ስለዚህ በመጽሐፉ ዳር በእርሳስ፣ አምስት ሲደመር ስድስት አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩና እጅቱን አሥራ አንድ ላይ አቆምኳት። በዙሪያዬ ለነበሩትም፣ መጽሐፍ ማንበብ ማለት ፊደል መቁጠር ብቻ አለመሆኑን፣ የጻፈውን ሰው አገርና ልማድ ማወቅ እንደሆነ አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ።

ከድር ያን ዕለት ስልኩን ይዞ መጥቶ ነበር። ይህንኑ ሞተር የሚያሳይ ቪዲዮ አለ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ይመልከቱት አለኝ። በአሥር ደቂቃ የታወቀ ነገር በአሥር ደቂቃ ይረሳል አልኩት። አባባሉ አሁንም ጥሩ ይመስለኛል። ያለቦታው ነው የገባው እንጂ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሰዓታቸው መጡ፤ ከኋላቸው ደግሞ ማንም ያልጠራው የሰፈር ሰው መጣ። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ፤ ነገሩ ገና አላለቀምና። ቆሙ። እኔ ገባሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሁሉም ሰው ወደፊት ጠጋ አለ። ከዚያ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ከካርቡራተሩ አንድ ክንድ እሳት ተፋ፤ የአየር ማጣሪያው ክዳን ተስፈንጥሮ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሽማግሌዎቹ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ መፍጠን እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ደግሜ አዞርኩ። ደግሞ ጮኸ።

ሰው ሲቸገር የሚወቅሰው አያጣም። መጀመሪያ ቤንዚኑን ወቀስኩ፣ ውሃ አለበት አልኩ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። ቀጥሎ የአሰላን ከፍታ ወቀስኩ፤ አየሩ ስስ ነው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ ነው አልኩ። በመጨረሻ፣ አሁንም ስናገረው አፍራለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት የአዳማውን ቶርነሪ፣ ብረቱን የፋቀልኝን ሰው አነሳሁ። አጭበርብሮኛል፣ አፋፋቁን አበላሽቶታል፣ ሃይማኖት የለውም አልኩ። ሰውዬው በሌለበት፣ መልስ መስጠት በማይችልበት። ሁሉም "እነሱማ እንዲህ ናቸው" አሉ። ሰው ሲታማ የሚቃወም ጠፋ።

በዚህ መሃል ባትሪው አለቀ።

እንግዲህ መግፋት ነው። ከበሬ ውጪ እስከ ገበያው መንገድ ድረስ ቁልቁለት አለ። ሐጂ ቃሲም፣ በሰው እጅ ተገፍታ ከበሩ ብትወጣ እንደማይቆጠር፣ ከተነሳች ተመልሳ ገብታ በራሷ መውጣት እንዳለባት አስቀድመው አስታወቁ፤ መምህር ለማም ጻፉት። ከጻፉ በኋላ ግን ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱ፣ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "የተላክሁት ላስወስዳት ነው" አሉ። "ሰው ሲገፋ ቆሞ ማየት ግን አልለመድኩም።" ሐጂም ገቡበት። ኦቦ ቱፋም ገቡበት። ባለሆቴሉ የላካቸው ሽማግሌዎች ቮልሴን ከባለሆቴሉ ለማዳን ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲገፉ ያየ ሰው፣ ይህች ከተማ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልፈረሰች ይገባዋል።

ቁልቁለቱን አምስት ጊዜ እየጮኸች ወረደች። አንድ የድንች ጭነት ያለው አህያ ጭነቱን ጥሎ በረረ። ድንቹን ለቅመን መለስን፣ ይቅርታ ጠየቅን። ቮልሴ ከታች ቆመች። ዳገቱን መልሶ የሚገፋ ጉልበት የቀረው ሰው ስላልነበረ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ፈትቶ በገመድ ጎተተልን። አርሲ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው፤ እኔም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ መሪ ይዞ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ የፈረስ ቂጥ እያዩ ወደ ቤት መመለስ ለአንድ አባት ቀላል አይደለም። መንገድ ላይ የነበሩት የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ለእኔ ይሁን ለፈረሱ አልጠየቅኩም።

ግቢ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከድር የፈረሱን ገመድ ፈትቶ ይጠቀልል ጀመር። እንዲያውም አንድ ነገር ቢል ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣበት አጣሁ። ሐጂ በዝግታ ወደ እኔ መጥተው፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ነገሩን ብንጨርሰው ምን ይመስልሃል አሉኝ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነበር፤ ሐዘንተኛን እንደሚያባብል ሰው። ያን ጊዜ ነው ቮልሴን እንዳጣኋት የገባኝ።

ሐጂ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱእ ሊያደርጉ የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱና ውሃ እንዳይነካው ያዝልኝ ብለው ሰጡኝ። ሐጅ ሄደው ያመጡት ትልቅ ሰዓት ነው፤ ቁጥሮቹ ወፋፍራም። ውሃው ሲፈስ እየሰማሁ፣ የምሠራው ስለሌለኝ፣ ሰዓቱን በዘይት በተለወሰ መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ከአረብ አገር የመጣ ሰዓት ነው። ሐጂ የሚቆጥሩበት በእኛ ቆጠራ ነው። አምስት ቁጥር ግን ከታች በስተቀኝ በኩል፣ ከስድስት አጠገብ ተቀምጣለች። ፈረንጅ ቢያስረውም እዚያው ናት፤ ሐጂ ቢያስሩትም እዚያው ናት።

መጽሐፉ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገረኝም ነበር። ወዴት እንደሚጠቆም ነበር የነገረኝ።

እጅቱን ከሚገባት አቅጣጫ ፍጹም ተቃራኒ አድርጌ፣ በዕውቀት አድርጌ፣ በእርሳስ ሒሳቡን ጽፌ፣ ሌሎችንም አስተምሬ አቁሜያት ነበር።

ሰገድን። እውነቱን ልናገር፣ ግንባሬ ምንጣፉ ላይ ነበር፣ ልቤ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከሶላቱ በኋላ ወደ ሞተሩ ስሄድ አንድ አሳብ አብሮኝ ሄደ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከክዳኑ የሚወጡትን አራቱን የካንዴላ ገመዶች እያንዳንዱን ነቅሎ ከፊት ለፊቱ ባለው ቦታ መሰካት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። "ገመድ ላልቶ ነበር" ብዬ ብሰካው ማንም አያውቅም። ከድርም አያውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት ልጆቼ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም፤ አሁን ምን ያስጀምረኛል?

የአዳማው ቶርነሪ ነው ያስጀመረኝ። ሰውዬውን ሃይማኖት የለውም ብዬዋለሁ። ገመዱን ዝም ብዬ ብሰካ መኪናዋ ትነሳለች፣ የእሱ ስም ግን እንደወደቀ ይቀራል። ሞተር ከሚያስነሳና ሰው ከሚጥል እጅ ይሰውረኝ።

ዘወር ብዬ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ። "የአዳማው ሰው አልበደለኝም። ሥራው ንጹሕ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" እንዴት እንደተሳሳትኩም ከነስድስቱ ነገርኳቸው።

ረውዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትገባ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከድር መጽሐፉን አንስቶ በእርሳስ የጻፍኩትን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ለመምህር ለማ አሳያቸው። የሒሳብ አስተማሪው መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

"ድምሩ እንኳ ትክክል ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሳቁ መጣ፤ እኔም ሳቅሁ ማለት ይቻላል። ከድር ግን ሳይስቅ፣ የትኛው ገመድ በየት እንደሚሰካ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱ ነቀለ፣ እኔ ሰካሁ። አራት ገመድ። በሠላሳ አምስት ዓመት አብረን የሠራነው የመጀመሪያው ሥራ ይመስለኛል፤ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ሥራ ስሠራ አጠገቤ ሰው አላቆምም ነበር።

ባትሪ የለም። ተገፍታ ከበር ብትወጣ አይቆጠርም። ይህን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ያሉት ኦቦ ቱፋ፣ ከጓሮ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አለ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ እንግፋት አሉ። ዳኞቹ ተያዩ። መምህር ለማ ደብተራቸውን አወጡ፣ አነበቡ፣ የሚከለክል ነገር አላገኙበትም። እስከ ጓሮው ድንች መደብ ድረስ ወደ ኋላ ሳብናት። ከድርና ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ያዙ። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ።

ገፉ። አሥር እርምጃ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ። በሩ ሲቀርብ እግሬን ለቀቅሁ።

አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ደረቅ ባቄላ እንደሚነቀንቅ ሰው ያለ ድምፅ። የቮልስ ድምፅ። በሩን ስታልፍ ማንም አልነካትም። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ስለተሞላ ከኋላዬ ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ሰፈሩን ዞሬ ስመለስ ግን ሐጂ ቃሲም እየሳሉ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ፣ ለተሰበሰበው ሰው ፍርድ ሲሰጡ ደረስኩ።

"ልጅቷ አልፈቀደችም" አሉ። "ያልፈቀደች አትዳርም።"

ይህን ብለው ግን ሦስቱም ፊታቸው ጠቆረ። ላኪያቸው መልስ እየጠበቀ ነው። ባዶ እጅ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ሲገፉ ውለው ባዶ እጅ መመለስ ሌላ ነው። የመኪናዋን በር ከውስጥ ከፈትሁና ግቡ፣ እኔው አደርሳችኋለሁ፣ መልሱንም እኔው እሰጣለሁ አልኳቸው። ሐጂ ከፊት ተቀመጡ፤ መምህር ለማና ኦቦ ቱፋ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተጣጠፉ። ሦስቱ ከዘራዎች በመስኮት ወጥተው ነፋሱን እየቀዘፉ ከተማውን አቋርጠን ሄድን።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ ለካ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። መግቢያው ላይ ክብ ሲሚንቶ ፈስሷል፤ በጎኑ አፈር ተከምሯል፤ የጽጌረዳ ችግኞች በተርታ ተቀምጠዋል። ባለሆቴሉ ሲያየን እያጨበጨበ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሙሽራዋን በራሳቸው ይዘው የመጡለት መስሎት ነበር። ትንሽ ወደፊት ይቅረቡና ሲሚንቶው ላይ ያውጧት እያለ በእጁ ይመራኝ ጀመር።

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። "ሽማግሌዎችህን አክብሬ መልሻቸዋለሁ" አልኩት። "አበባውን ግን መሬት ላይ ትከለው።"

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ ቆሞ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ መሬቱን አዩ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እሺ ጋሼ፣ ነገሩ ይለፍ። በሉ ሞተሩን ያጥፉትና አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ይሂዱ" አለኝ።

አላጠፋም አልኩት። ሻዩ በመስኮት መጣልኝ፤ ቀኝ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳላነሳ፣ ብርጭቆው ከሞተሩ ጋር እየተንቀጠቀጠ ጠጣሁ። አስተናጋጆቹ ወጥተው አዩኝ። የአባት ኩራት ነው ብለው እንዳወሩ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ይበሉ። ባትሪው አልቆ ነበር። ባጠፋት ኖሮ ከዚያ ሲሚንቶ ሁለት ክንድ ርቃ እዚያው ነበር የምትቀረው።